ተርፒን በቆዳ ቅባት ውስጥ፦ ከሄምፕ የሚዘጋጅ ቅባትና ሎሽን የሥራ ሂደት ማስታወሻ

የሥራው መነሻ

በዚህ ማስታወሻ የምመዘግበው ከሄምፕ፣ ማለትም አእምሮን የሚለውጠው ቲኤችሲ በሕግ ከተወሰነው መጠን በታች ከሆነበት የካናቢስ ዓይነት፣ ሁለት የቆዳ ምርቶችን የማዘጋጀቱን ሥራ ነው። አንደኛው ውኃ የሌለበት፣ ለደረቀ እጅና ክርን የሚሆን ወፍራም ቅባት ሲሆን ሁለተኛው ለክንድና ለእግር የሚሆን ቀለል ያለ ሎሽን ነው። በሁለቱም ውስጥ የሚገቡት የሄምፕ ፍሬ ዘይትና የተጣራ ሲቢዲ፣ ማለትም ስካር የማያመጣው የካናቢስ ውህድ፣ ቀደም ብለው የተመረጡ በመሆናቸው የሚቀረኝ ዋና ጥያቄ የተርፒኖቹ፣ ማለትም ለተክሉ ሽታውን የሚሰጡት ውህዶች፣ ጉዳይ ነው፤ የትኞቹ ይግቡ፣ ምን ያህል ይግቡ፣ በየትኛው የሥራ ደረጃ ይጨመሩ፣ ከተጨመሩ በኋላስ ሳይበላሹ እንዴት ይቆዩ።

ስለ ፍሬ ዘይቱ አንድ ነገር ከመጀመሪያው መመዝገብ አለበት። ተርፒን የሚመረተው በካናቢስ አበባ ላይ በሚገኙ ጥቃቅን የሙጫ ዕጢዎች ውስጥ፣ ቲኤችሲንና ሲቢዲን ከመሰሉት ውህዶች፣ ከካናቢኖይዶቹ፣ ጎን ለጎን ነው። ፍሬው ራሱ እነዚህ ዕጢዎች የሉትም፤ ስለዚህ ሳይሞቅ ከፍሬው የተጨመቀው አረንጓዴ ዘይት ምንም እንኳ ከግማሽ በላይ ሊኖሌይክ አሲድ የተባለውን ቅባት አሲድ የያዘና ለቆዳ የሚስማማ ቢሆንም፣ ለቆዳ የሚተርፍ ተርፒን ወይም ሲቢዲ ይኖረዋል ተብሎ ሊታሰብ አይገባም። በማሸጊያው ላይ የተክሉ ሥዕል ስላለ ብቻ ሁሉም ነገር አብሮ የገባ የሚመስላቸው ተጠቃሚዎች ብዙ ናቸው።

በሥራው ሁሉ የምመራበት ሐሳብ እንዲህ ነው። ተርፒን ወደ ቆዳ ምርት መግባት ያለበት ምርቱ አበባውን እንዲሸት ሳይሆን ለቆዳው የሚያደርግለት ነገር ስላለ መሆን ይኖርበታል፤ ይህን ማድረግ የሚችለውም ትኩስ ከሆነ፣ በትንሹ ከተመጠነና ከአየር ከተጠበቀ ነው። ስለ ተርፒን ጥቅም የሚነገረው ብዙ ሆኖ ሳለ ስለ አያያዙ የሚነገረው እጅግ ጥቂት መሆኑ ስለሚያሳስበኝ ከምርጫው ይልቅ አያያዙን ሰፋ አድርጌ እመዘግባለሁ።

ሰኞ፤ የተርፒኖቹ ምርጫ

ለምርጫ የቀረቡት ሚርሲን፣ ፓይኒን፣ ሊሞኒን፣ ሊናሉል፣ ካርዮፊሊንና ቢሳቦሎል ናቸው። በካናቢስ ውስጥ ከመቶ በላይ ተርፒኖች ተለይተው የታወቁ ቢሆንም በብዛት የሚገኙት ጥቂቶች ስለሆኑ ከእነዚህ አልፎ መሄድ አላስፈለገኝም። ሁሉም የሚገነቡት አይሶፕሪን ከተባለ 5 ካርቦን ካለው ክፍል ነው፤ ሁለት ክፍሎች ሲጋጠሙ ባለ 10 ካርቦኑ ሞኖተርፒን፣ ሦስት ሲጋጠሙ ባለ 15 ካርቦኑ ሴስኩተርፒን ይገኛል። በዚህ የምርምር መስክ ኦቶ ዋላክ እ.ኤ.አ. በ1910፣ ሊዮፖልድ ሩዚችካ ደግሞ በ1939 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። እነሱ ያስተካከሉት ይህ አከፋፈል ለእኔ ሥራ ቀጥተኛ ትርጉም አለው፤ ባለ 10 ካርቦኖቹ ቀለል ያሉና በቶሎ የሚተኑ ሲሆኑ ባለ 15 ካርቦኖቹ ከበድ ያሉና በቅባቱ ውስጥ የሚቆዩ ናቸው።

ቀዳሚ ምርጫዬ ቤታ ካርዮፊሊን ነው። ይህ ተርፒን በቅርንፉድና በቁንዶ በርበሬ ውስጥም በብዛት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2008 ዩርግ ጌርችና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ጥናት ካርዮፊሊን ሲቢ2 ከተባለው የካናቢኖይድ ተቀባይ ጋር መርጦ እንደሚጣበቅ አሳይተዋል። ሲቢ2 በአመዛኙ በበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ላይ የሚገኝ ተቀባይ ነው፤ ቲኤችሲ አእምሮን የሚለውጠው ሲቢ1 በተባለው በሌላኛው በኩል ስለሆነ ካርዮፊሊን እንዲህ ያለ ስካር አያመጣም። በዚያው ጥናት የእብጠት መቀነስ የታየው ግን ካርዮፊሊኑን በአፍ በወሰዱ አይጦች ላይ ነው። ከአይጥ አፍ እስከ ሰው ክርን ያለው ርቀት ረጅም በመሆኑ ይህን ውጤት በማሸጊያው ላይ የፈውስ ማስረጃ አድርጌ አልጠቅሰውም። ለምርጫ የሚያበቃ ምክንያት መሆኑ ይበቃኛል።

ሁለተኛው አልፋ ቢሳቦሎል ነው። የካሞማይል ዘይት ዋና ክፍል በመሆኑ የሚታወቅ፣ ከብራዚሉ ካንዴያ ዛፍም የሚወጣ፣ ሽታው እምብዛም የማይሰማና በቆዳ ላይ ለስላሳነቱ ለረጅም ጊዜ በቅባት ሥራ የተፈተነ ነው። በካናቢስ ውስጥ መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ብዙዎች ይዘነጉታል፤ ለቆዳ ሥራ ግን ከሁሉም ይልቅ የምተማመንበት እሱ ነው።

ሊናሉልንና ሊሞኒንን በትንሽ መጠን ለሙከራ አስቀርቻለሁ። ሚርሲንን ትቼዋለሁ፤ በካናቢስ ውስጥ በብዛቱ ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ቢሆንም አየር ሲነካው በቶሎ የሚለወጥና ሞሎኪውሎቹ እርስ በርስ እየተያያዙ የሚወፍር ነው። ፓይኒንንም ትቼዋለሁ፤ የጥድ ሽታው ደስ ቢልም ቆዳን ሊቆጣ የሚችል ከመሆኑ በላይ ለቅባቱ የሚጨምርለት ነገር አላየሁም።

ረቡዕ፤ መጠንና ሚዛን

የመጀመሪያውን የቅባት ዙር በ500 ግራም ወስኛለሁ። ሰም 70 ግራም፣ የሺአ ቅቤ 125 ግራም፣ የሄምፕ ፍሬ ዘይት 150 ግራም፣ ከኮኮናት የሚወጣው ቀላል ዘይት 145 ግራም፣ ሲቢዲ 5 ግራም፣ ቫይታሚን ኢ 2.5 ግራም፣ የተርፒን ድብልቅ 2.5 ግራም። ተርፒኑ ከጠቅላላው 0.5 በመቶ ብቻ ነው ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ካርዮፊሊን 1.25 ግራም፣ ቢሳቦሎል 0.75 ግራም፣ ሊናሉል 0.35 ግራም፣ ሊሞኒን 0.15 ግራም ነው። ሊሞኒን የሌለበት፣ ድርሻው ለቢሳቦሎል የተሰጠበት ሁለተኛ ዙርም ጎን ለጎን አዘጋጃለሁ።

በጠብታ መለካትን ከሥራው ሙሉ በሙሉ አውጥቼዋለሁ። የጠብታ መጠን እንደ ጠብታ ማውጫው አፍ ስፋት፣ እንደ ፈሳሹ ውፍረትና እንደ ሙቀቱ ይለዋወጣል፤ በዚያ ላይ የአንድ ሚሊ ሊትር ሊሞኒን ክብደት 0.84 ግራም ገደማ ሲሆን የሌሎቹ ይለያል። ከግራም መቶኛ እስከሚያነብ ድረስ ትክክለኛ የሆነ ሚዛን ያስፈልጋል። ድብልቁን አስቀድሜ በትንሽ ጠርሙስ በማዋሃድ ከዚያ በአንድ ጊዜ መመዘን እያንዳንዱን በየተራ ወደ ቅባቱ ከመጨመር እጅግ የተሻለ ነው፤ 0.15 ግራምን ሙቅ በሆነ ዕቃ ላይ በትክክል መመዘን አይቻልም።

0.5 በመቶ ለምን ተመረጠ ለሚለው፣ በቆዳ ላይ የሚቀር ምርት ለሰዓታት ከቆዳ ጋር ስለሚቆይ ነው። ታጥቦ የሚሄድ ሳሙና ቢሆን ኖሮ ከዚህ ከፍ ያለ መጠን ማሰብ ይቻል ነበር። ለፊት የሚሆን ምርት ደግሞ በዚህ መጠንም አልሠራም።

ዓርብ፤ የአየር ጉዳይ

የዛሬው ሥራ ከሁሉም በላይ የምጨነቅበት ነው። ንጹሕ ሊሞኒንና ንጹሕ ሊናሉል በራሳቸው አለርጂ የማስነሣት ኃይላቸው ደካማ ነው። ነገር ግን ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር የሚገባው የአየር ኦክስጅን ቀስ በቀስ ከእነሱ ጋር እየተዋሃደ ሃይድሮፐርኦክሳይድ የተባሉ ውህዶችን ይፈጥራል፤ እነዚህ ደግሞ ብርቱ የቆዳ አለርጂ አምጪዎች ናቸው። ይህን በዝርዝር ያጠኑት በስዊድን የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ አን ቴሬዝ ካርልበርግና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ዛሬ የቆዳ ሐኪሞች በአለርጂ ምርመራ ጊዜ የሊሞኒን ሃይድሮፐርኦክሳይድን 0.3 በመቶ፣ የሊናሉልን ደግሞ 1 በመቶ በቫዝሊን አዋሕደው በታማሚው ጀርባ ላይ ይለጥፋሉ። ስለዚህ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ስም ተመሳሳይ ቢሆንም ትኩሱ ሊሞኒንና ያረጀው ሊሞኒን ለቆዳ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ይህን በዓይኔ ለማየት ሁለት ናሙናዎችን አዘጋጅቼ ነበር። አንደኛው በደረሰኝ ዕለት የተከፈተ ሲሆን ሌላውን ሆን ብዬ ግማሹ ባዶ በሆነ ጠርሙስ፣ ክዳኑን እያላላሁ፣ ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ለሳምንታት አቆይቼዋለሁ። እነዚህ ሃይድሮፐርኦክሳይዶች የሚካተቱበትን የፐርኦክሳይድ መጠን የለካሁት በተለመደው የአዮዲን ዘዴ ነው። ናሙናው በአሲቲክ አሲድና ተስማሚ በሆነ ሟሚ ውስጥ ይሟሟል፣ ፖታሲየም አዮዳይድ ይጨመርበታል፣ ፐርኦክሳይድ ካለ አዮዲን ነጻ ይወጣና ፈሳሹ ይበነያል፤ ከዚያ ቡናማው ቀለም እስኪጠፋ ድረስ የተንጠባጠበው የሶዲየም ታዮሰልፌት መጠን ይመዘገባል። ስታርች ሲጨመርበት የመጨረሻው ነጥብ ሰማያዊው ቀለም በአንዴ ሲጠፋ በግልጽ ይታያል።

ትኩሱ ናሙና ለስሙ ያህል ቢጫ ሆኖ በጥቂት ጠብታ ጠራ። ያረጀው ግን አዮዳይዱ እንደነካው ወዲያው በነየ፤ ዓለም አቀፉ የሽቶ ማኅበር፣ በአህጽሮት ኢፍራ፣ ለሊሞኒንና ለሊናሉል ያስቀመጠውን የ20 ሚሊሞል በሊትር የፐርኦክሳይድ ጣራም በእጅጉ አለፈ። ልብ ሊባል የሚገባው ሁለቱን በአፍንጫ መለየት እጅግ አስቸጋሪ መሆኑ ነው። ያረጀው በጥቂቱ ደነዝ ያለ ሽታ ቢኖረውም ሌላ ሰው ቢያሸተው ያው የብርቱካን ልጣጭ ነው ይል ነበር። በሽታ ብቻ ተማምኖ የሚሠራ ሰው አደጋውን አያገኘውም።

ያረጀውን ናሙና በማንም ቆዳ ላይ አልሞከርኩም፣ በራሴም ቆዳ ላይ ቢሆን። የንክኪ አለርጂ አንዴ ከተቀሰቀሰ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል፤ ሊሞኒንና ሊናሉል ደግሞ በሳሙናው፣ በሻምፑው፣ በሽቶውና በዕቃ ማጠቢያው ሁሉ ስላሉ ያ ሰው ከእነሱ መሸሽ ይቸገራል። ለአንድ ቅባት ሙከራ ሲባል እንዲህ ያለ ዕዳ በሰው ላይ መጫን አይገባም።

ቅዳሜ፤ የትናንቱ ቀጣይ

ካርዮፊሊን ከዚህ ነጻ እንዳልሆነ መጨመር ይገባኛል። እሱም በአየር ይለወጣል፤ በአመዛኙ ወደ ካርዮፊሊን ኦክሳይድ ሲሆን ይህ ከሊሞኒን ሃይድሮፐርኦክሳይድ ያነሰ አለርጂ አምጪ ነው። ያነሰ መሆኑ ግን በቸልታ እንዲያዝ ፈቃድ አይሰጥም።

ከዛሬ ጀምሮ የምከተለው አያያዝ እንደሚከተለው ነው። እያንዳንዱ ተርፒን በደረሰበት ዕለት በክብደቱ 0.1 በመቶ ቫይታሚን ኢ ይጨመርበታል። እንደ ቫይታሚን ኢ ያለ ፀረ ኦክሲዳንት የጀመረውን መበላሸት ወደ ኋላ አይመልስም፣ ያዘገያል እንጂ፤ ስለዚህ ከወር በኋላ መጨመሩ ከንቱ ነው። ከዚያ ተርፒኑ ቡናማ በሆኑ ትናንሽ የመስታወት ጠርሙሶች እስከ አንገታቸው ድረስ ይሞላል፤ በላዩ የቀረችውን ጥቂት ቦታ በናይትሮጅን ጋዝ ሞልቼ እዘጋለሁ። ለአንድ ዙር የሚበቃ መጠን በአንድ ጠርሙስ መሆኑ ዋናውን ክምችት ደጋግሞ ከመክፈት ያድናል። ማስቀመጫው ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲሆን በጠርሙሱ ላይ የተሞላበትና የተከፈተበት ቀን ይጻፋል። የተከፈተው ጠርሙስ ለሚቀጥለው ዙር አይሻገርም።

የሄምፕ ፍሬ ዘይቱም በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ይገባል። በውስጡ ያሉት ቅባት አሲዶች በቀላሉ ኦክሳይድ የሚሆኑ ስለሆኑ ያረጀ ዘይት የራሱን ፐርኦክሳይድ ይዞ ይመጣና በውስጡ የገቡትን ተርፒኖች መለወጥ ያፋጥናል። ትኩስ ተርፒን ባረጀ ዘይት ውስጥ መጨመር ድካሙን ሁሉ ያጠፋዋል። ስለዚህ የዘይቱንም ፐርኦክሳይድ ከእያንዳንዱ ዙር በፊት እለካለሁ።

ሰኞ፤ ቅባቱን ማቅለጥ

ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው፤ ስለዚህ ሰሙንና የሺአ ቅቤውን በሙቅ ውኃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ እስከ 75 ዲግሪ አድርሼ አቀለጥኩ። ሲቢዲው በ66 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጥ ነጭ ዱቄት ሲሆን በሞቀው የኮኮናት ዘይት ውስጥ ያለ ችግር ሟሟ። የሄምፕ ፍሬ ዘይቱ እስከ 75 ዲግሪ እንዲደርስ ስላልፈለግሁ ሰሙ ከቀለጠና ሙቀቱ ወደ 65 ዲግሪ ከወረደ በኋላ ቀስ በቀስ ጨመርኩት።

ተርፒኑ የተጨመረው ቅባቱ በጠርዙ መድመን ሲጀምር፣ በ48 ዲግሪ ነበር። ከዚህ በታች ሲወርድ ቅባቱ ስለሚወፍር ድብልቁ እኩል አይዳረስም፤ ከዚህ በላይ ደግሞ ሊሞኒኑና ሊናሉሉ ክፍሉን ሞልተው ከዕቃው ይወጣሉ። የሊሞኒን መፍያ ነጥብ 176 ዲግሪ ገደማ፣ የሊናሉል 198 ዲግሪ ገደማ መሆኑን የሚያውቅ ሰው 75 ዲግሪ ምንም አያደርጋቸውም ብሎ ሊያስብ ይችላል። ፈሳሽ የሚተነው ግን ሲፈላ ብቻ አይደለም። እኩል የተመዘነ ሊሞኒን በሁለት ሰፋፊ ሳህኖች አድርጌ አንዱን በክፍሉ ሙቀት፣ ሌላውን በሙቅ ውኃው ላይ አስቀምጬ ስመዝን የሞቀው የቀነሰው ዓይን በሚሞላ መጠን ነው። ካርዮፊሊን በተመሳሳይ ሁኔታ ክብደቱ እምብዛም አልተለወጠም።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ቁጥር ማረም አስፈላጊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በብዙ የካናቢስ ሠንጠረዦች የካርዮፊሊን መፍያ ነጥብ 130 ዲግሪ ተብሎ ይጻፋል። ይህ ልኬት የተወሰደው ግፊቱ በእጅጉ በተቀነሰ ዕቃ ውስጥ ነው፤ በተለመደው የአየር ግፊት ከ250 ዲግሪ ይበልጣል። ቁጥሩን እንዳለ የሚቀበል ሰው ካርዮፊሊን ከሊሞኒን ቀድሞ ይተናል ብሎ የሥራውን ቅደም ተከተል ያዛባል።

የእሳት ጉዳይም አለ። የሊሞኒን ትነት በ48 ዲግሪ፣ የአልፋ ፓይኒን ደግሞ በ33 ዲግሪ አካባቢ እሳት ካገኘ ሊቀጣጠል ይችላል። በዚህ ሥራ የነበልባል ምድጃ አይገባም፤ የኤሌክትሪክ ማሞቂያም ከማጥፊያው ከጠፋ በኋላ ነው ተርፒኑ የሚከፈተው። መስኮት መከፈት አለበት። በቤት ውስጥ ድመት ካለች ከሥራው ክፍል መራቅ አለባት፤ ጉበቷ እነዚህን ውህዶች ለማስወገድ ደካማ በመሆኑ በእሷ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ከሰው ይበልጣል።

የሺአ ቅቤ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ አሸዋማ የሚሆነውን ለመከላከል ጣሳዎቹን ወዲያው ወደ ቀዝቃዛ ቦታ አስገብቻቸዋለሁ።

ማክሰኞ፤ ስለ ዕቃ

ሊሞኒን ፖሊስታይሪንን ያሟሟል። አንድ የፎም ስኒ ቁራጭ ሲገባበት ዓይኔ እያየ ቀልጦ ሙጫ ሆኗል። የጎማ ጫፍ ያለው ጠብታ ማውጫም ጠርሙሱ ላይ ተገጥሞ ከቆየ ያብጣል፤ ከዚያም ከጎማው የወጣው ነገር ተመልሶ ወደ ተርፒኑ ይገባል። ስለዚህ ለመለኪያ መስታወት፣ ለክዳን ቴፍሎን የተለበጠ፣ ለእጅ ከላቴክስ ይልቅ የናይትራይል ጓንት እጠቀማለሁ። ቅባቱን በአሉሚኒየም ጣሳ፣ ሎሽኑን ደግሞ አየር በማያስገባ ፓምፕ ጠርሙስ ለማሸግ ወስኛለሁ።

ሐሙስ፤ ወደ ቆዳ የመዝለቅ ጥያቄ

ተርፒን ሲቢዲን ወደ ቆዳ ያስገባል የሚለው አባባል በዘርፉ እጅግ የተስፋፋ ነው፤ እውነትነት አለው፣ ነገር ግን ልክ አለው። የቆዳ የላይኛው ንብርብር ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ብቻ ቢሆንም የሞቱ ሕዋሳት በቅባት ተጣብቀው የተደረደሩበት ብርቱ ግድግዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣውና በዘርፉ የተለመደው መመሪያ ከ500 ዳልተን (የሞሎኪውል ክብደት መለኪያ) በላይ የሚመዝን ሞሎኪውል ይህን ግድግዳ በቀላሉ አያልፍም ይላል። የሲቢዲ ክብደት 314 ስለሆነ በክብደት ችግር የለበትም። ችግሩ እጅግ ቅባት ወዳድ መሆኑ ነው፤ ወደ ላይኛው ንብርብር ቅባት በደስታ ይገባና እዚያው ይቀራል፣ ከሥሩ ወዳለው ውኃማ ክፍል ማለፍ ይከብደዋል።

ሊሞኒን፣ ሜንቶልና 1፣8 ሲኒዮልን የመሰሉ ተርፒኖች የዚያን ንብርብር ቅባት ሥርዓት በማናጋት መድኃኒቶች እንዲያልፉ እንደሚያግዙ በቤተ ሙከራ በተደጋጋሚ ታይቷል። ሆኖም እነዚያ ሙከራዎች በአብዛኛው የተሠሩት ከ1 በመቶ ጀምሮ ከፍ ባለ መጠን፣ አንዳንዶቹም ቆዳውን በንጹሕ ተርፒን በማራስ ነው። በእኔ ቅባት ውስጥ ያለው 0.5 በመቶ ተርፒን በወፍራም ሰምና ዘይት ውስጥ የተያዘ ስለሆነ አብዛኛው ቅባቱን ትቶ ወደ ቆዳ ለመሄድ የሚገፋፋው ነገር የለም። መጠኑን ወደ 3 ወይም 5 በመቶ ብንወስደው ምናልባት ሲቢዲው ይዘልቅ ይሆናል፤ ግን የተናጋ ግድግዳ ሲቢዲን ብቻ መርጦ አያስገባም። ጀርም እንዳያድግ በምርቶች ውስጥ የሚጨመረው ማቆያ፣ ሽቶው፣ ከዚያ በኋላ ቆዳውን የሚነካው ሳሙና ሁሉ አብሮ ይገባል። የደረቀና የተሰነጠቀ ቆዳ ያለው ሰው ይህን ቅባት የሚፈልገው ደግሞ ግድግዳው እንዲጠገንለት ነው። ስለዚህ ተርፒንን ለማስረጊያነት ከፍ አድርጎ መጨመርን ለዚህ ምርት አልቀበለውም፤ ሲቢዲውም በላይኛው ንብርብር ቢቀር ለዚህ ዓላማ ቦታው እዚያው ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት፤ ሎሽኑ

ሎሽን ውኃ ስላለበት ሥራው ይለያል። የውኃውንና የዘይቱን ክፍል ለየብቻ እስከ 75 ዲግሪ አሙቄ በአዋሃጅ ሰም አገናኘኋቸው፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በታች ከወረደ በኋላ ማቆያው፣ ቫይታሚን ኢውና ተርፒኑ ገቡ። የተርፒኑ መጠን 0.2 በመቶ ነው። የአሲድነት መለኪያ የሆነውን ፒኤች በሲትሪክ አሲድ ወደ 5.2 አወረድኩት፤ ጤናማ ቆዳ በትንሹ አሲድማ ስለሆነ ይስማማዋል።

ለማቆያነት ፌኖክሲኤታኖልን 0.9 በመቶ ተጠቅሜያለሁ፤ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የሚፈቀደው ጣራ 1 በመቶ ነው። አንዳንድ አዘጋጆች ተርፒን ጀርም ስለሚገድል ማቆያ አያስፈልግም ይላሉ። በዚህ አልስማማም። በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ባክቴሪያን የሚያዳክመው የተርፒን መጠን በሎሽን ውስጥ ከሚታገሠው እጅግ ይበልጣል፤ በዚያ ላይ ተርፒኑ የሚቀመጠው በዘይቱ ጠብታ ውስጥ ሲሆን ጀርሙ የሚያድገው በውኃው ውስጥ ነው።

በሎሽኑ ላይ ሊሞኒን ያለበትና የሌለበትን አወዳድሬያለሁ። ሊሞኒን ያለበት በ40 ዲግሪ ሙቀት ከቆየ በኋላ ሳሳ ብሎ በላዩ ላይ ቀጭን የዘይት መስመር አወጣ፤ ሊሞኒን የሌለበት በዚያው ሙቀትም፣ በማቀዝቀዝና በማቅለጥ መፈራረቅም ሳይለያይ ቆይቷል። በአየር ጉዳይ ላይ ከተመዘገበው ጋር ሳገናኘው ሊሞኒንን ከሁለቱም ምርቶች ለማውጣት ይህ በቂ ሆኖልኛል። የሚሰጠው ሽታ ብቻ ነበር።

በቆዳ ላይ የተደረገው ሙከራ

የመነሻ ቅባቱ ያለ ተርፒን፣ ቅባቱ ከተርፒን ጋር፣ ሎሽኑም እንዲሁ በሁለት መልክ ተዘጋጅቶ ለጥቂት ፈቃደኛ ወዳጆች ተሰጠ። እያንዳንዱ ሰው በክንዱ የውስጥ ክፍል፣ ከክርኑ አጠገብ፣ በተለየ ቦታ በቀን ሁለት ጊዜ ለሁለት ሳምንት ይቀባል። ቀዩ ምልክት ወይም ማሳከክ እንደታየ ወዲያው ይቆማል። ከዚህ በፊት የሽቶ አለርጂ እንዳለበት የሚያውቅ፣ እርጉዝ የሆነች ወይም ኤክዜማ ያለበት ሰው በሙከራው አልተካተተም።

ከመካከላቸው አንዷ በሁለተኛው ሳምንት ተርፒን ባለበት ቦታ ላይ ቅላትና ማሳከክ አየች፤ ተርፒን የሌለበት ቦታ ግን ምንም አልሆነም። ቀደም ሲል የምታውቀው አለርጂ አልነበራትም። ወዲያው አቁማ ወደ ቆዳ ሐኪም ሄዳለች፤ የቅባቱን ሙሉ ዝርዝር ከነመቶኛው ጽፌ ሰጥቻታለሁ፣ ሐኪሙ ምን እንደሚመረምር እንዲያውቅ። በምርመራው ሃይድሮፐርኦክሳይድ ለሆነው ሊናሉል አለርጂ እንዳላት ታወቀ። የዚህ ዙር ሊናሉል በልኬቴ ከ20 ሚሊሞል ጣራ በብዙ ያነሰ ነበር፤ ቀድሞ በሌላ ምርት የተቀሰቀሰ አለርጂ ላለው ሰው ግን ትንሽ መጠንም ሊበቃ ይችላል።

ከዚህ በኋላ ሊናሉልን ከሎሽኑ አውጥቻለሁ፤ ሎሽን በሰፊ የሰውነት ክፍል ላይ በየቀኑ የሚቀባ ነውና። ከቅባቱም አውጥቼ ድርሻውን ለካርዮፊሊንና ለቢሳቦሎል አካፍያለሁ። ቅባቱ አሁን የሚሸተው በትንሹ እንጨት እንጨትና ቅመም ነው። የሊናሉሉን የላቬንደር ሽታ የሚጠብቅ ሰው ቅር ሊለው ይችላል፤ ይህን ቅሬታ ከቆዳ መቆጣት ይልቅ እቀበለዋለሁ።

የምልክት ወረቀቱ

በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት በቆዳ ላይ በሚቀር ምርት ውስጥ ከ0.001 በመቶ፣ ታጥቦ በሚሄድ ምርት ውስጥ ከ0.01 በመቶ በላይ የሆኑ የታወቁ የሽቶ አለርጂ አምጪዎች በስማቸው መጻፍ አለባቸው። ይህ ዝርዝር ለዓመታት 26 ስሞችን ይዞ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ማሻሻያ ወደ 80 ገደማ አድጓል፤ ቤታ ካርዮፊሊን፣ ፓይኒንና ተርፒኖሊንም ገብተውበታል። አዲስ ምርቶች ከሐምሌ 31 ቀን 2026 ጀምሮ፣ ቀድሞ በገበያ ላይ ያሉት ደግሞ ከሐምሌ 31 ቀን 2028 ጀምሮ እንዲያሟሉ ታዝዟል፤ ቀኖቹም እ.ኤ.አ. ናቸው። የእኔ ቅባት ከ0.25 በመቶ በላይ ካርዮፊሊን ስላለበት ከወሰኑ ከ250 እጥፍ በላይ ነው። ይህ ደንብ በማይሠራበት አገርም ቢሆን ስሙን እጽፋለሁ፤ "መዓዛ" ወይም "የካናቢስ ተርፒን" የሚል አንድ ቃል ለአለርጂ በሽተኛ ምንም አይነግረውም።

በወረቀቱ ላይ የሚከተለው ይጻፋል። የካርዮፊሊንና የቢሳቦሎል ስም፣ የሲቢዲው መጠን በሚሊግራም፣ ቲኤችሲ ከሕጋዊው መጠን በታች መሆኑን ያረጋገጠው የላቦራቶሪ ወረቀት ቁጥር፣ የተዘጋጀበት ቀን፣ ከተከፈተ በኋላ ቅባቱ 6 ወር፣ ሎሽኑ 3 ወር እንደሚያገለግል፣ በተቆረጠ ወይም በተቆጣ ቆዳ ላይ እንዳይቀባ የሚል ማሳሰቢያ። ሕመምን ያስታግሣል፣ እብጠትን ይቀንሳል፣ ኤክዜማን ይፈውሳል የሚል ቃል አይጻፍም።

ከእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጣሳ ቅባትና ሁለት ጠርሙስ ሎሽን አስቀርቻለሁ። አንዱ ሳይከፈት ይቆያል፣ ሌላው እንደ ተጠቃሚ በየቀኑ ይከፈታል፤ በየወሩ የሁለቱም ፐርኦክሳይድ ይለካል። የተከፈተው ከተመደበለት ጊዜ ቀድሞ ከፍ ማለት ከጀመረ በወረቀቱ ላይ ያለውን የወራት ቁጥር አሳጥሬ የሚቀጥለውን ዙር በአዲሱ ቁጥር አትማለሁ።